አራት ሴቶች በባለ አንድ መኝታ ቤት

(በየካ አባዶ፣ በአንድ አዳራሽ ለተሰበሰቡ የመጽሐፍ ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ውሃ በሚመጣበት ቀን በርሜሉንና ጄሪካኑን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ እዚህ መገኘታችሁን እንደ ትልቅ ክብር እቆጥረዋለሁ። ስለዚህ ብዙ አላስቆያችሁም።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ በመጻፍ ላይ ስላለሁት ልብ ወለድ እንድነግራችሁ ነው። መጽሐፉ አልታተመም፤ ርእስም አልወጣለትም። አድራሻ ግን አለው። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ጣፎ አቅጣጫ ስትሄዱ ከምታገኟቸው ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። በዚያ ቤት አራት ሴቶች ይኖራሉ። ታላቅ እህት የነዋሪው የጋራ መገልገያ በሆነው ኮሚናል ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ታናሽ እህቷ ዓመታትን ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ከሰላሌ የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች። አንዲት አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅም አለች፤ የታናሿ ልጅ ናት፣ ያሳደገቻት ግን ታላቋ ናት። ስማቸውን አልጠራላችሁም። በዚህ አዳራሽ አንድ የሴት ስም ብጠራ ሦስት ሰው ቀና ይላል፤ ከሦስቱ አንዷ ደግሞ ታኮርፈኛለች።

ስለ ሴቶች የተጻፉ ረቂቆችን ብዙ አነባለሁ፤ ወጣት ጸሐፊዎች ይሰጡኛል። በአብዛኞቹ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን የሚቀመጡት ስለ ወንድ ለማውራት ነው። ወይ ባል ተቀማምተዋል፣ ወይ ባል ሊቀማሙ ነው፣ ወይ አንዷ የሌላዋን ልጅ ልታገባ የመጣች ምራት ናት። ይህ ልማድ በጸሐፊው ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ አንባቢውም አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ አለ ለማለት ይቸግራል። ያላነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቷል። ሰብለ ስትነሣ በዛብህ ይነሣል። እናቷን ወይዘሮ ጥሩአይነትን ግን ከመካከላችን ስማቸውን ሳይጠየቅ የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው? በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ እናትና ልጅ እኮ ናቸው።

በቃል የወረስነው ተረትም ቢሆን አላገዘንም። እንጀራ እናት ክፉ ናት፤ ጣውንት መርዝ ትቀምማለች፤ አማት ነዝናዛ ናት። በዚህ ላይ «የሴት ጠላቷ ሴት ናት» የሚል አባባል አለን፤ ሴቶቹ ራሳቸው ቡና ላይ ይደግሙታል። በቅርቡ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መጣና ሴቶች ሁሉ እህትማማች ናቸው፣ ይደጋገፋሉ፣ አንዷ የሌላዋን ሸክም ታቀላለች ተባለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚሻለው በጨዋነቱ ብቻ ነው። ሁለቱም ለልብ ወለድ ጸሐፊ አይረቡም፤ ሁለቱም ነገሩ ሳይጀመር ፍርድ ሰጥተው ጨርሰዋልና።

እኔ የያዝኩት ሌላ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከመገናኛ ሁለት ታክሲ ተቀይሮ በሚደረስበት ሰፈር፣ ሴቶችን የሚያቆራኘውም የሚያቀያይመውም ከፍቅርና ከቅናት ይልቅ ውለታ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄን ጠብቃልኛለች። የእቁብ ተራዋን ለቃልኛለች። ስወልድ አጥባኛለች፣ ገንፎዬን አገንፍታልኛለች። ስቸገር ምጣዷን ሰጥታኛለች፤ ምጣዱ በእኔ እጅ እያለ በመብራት ሲቃጠልም ምንም አላለችም። ያ «ምንም አላለችም» የሚባለው ነገር ነው ሰው የሚያንቀው። ተናግራ ቢሆን ኖሮ እንጣላና ይወጣልን ነበር።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ልብ ወለዱን የያዘው ማን ምን ይሰማዋል ከሚለው ይልቅ ቤቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ታላቋ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። ያኔ ከነበረው ተስፋ ውስጥ የማይረሳኝ ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች ተብሎ መለየቱ ነው። ነገሩ በቢሮ ቋንቋ አንድ ቁጥር ነው፤ ለልብ ወለድ ግን አዲስ ሰው ወለደ። ባል የሌላት፣ ከአባቷ ያልወረሰች፣ በገዛ ስሟ በር የምትከፍትና የምትዘጋ ሴት። ከዚያ በፊት በጽሑፋችን የቤት ባለቤት የሆነች ሴት ብትኖር ወይ ባለርስት እመቤት ናት፣ ወይ ጠጅ ቤት ያላት። የቁጠባ ደብተሯን ይዛ ሰልፍ የቆመች እንጀራ ጋጋሪ አልነበረችም።

ዕጣው ወጣ። ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን ቀድማ መክፈል፣ ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተበድራ በየወሩ መመለስ አለባት። እንጀራ ጋግሮ ይህን የሚያሟላ ካለ እጅ ልንሳው። ገንዘቡ የመጣው ከቤይሩት ነው። ታናሿ ሁለት ዓመት የሆናትን ልጇን ለእህቷ ትታ በ2001 ሄዳለች፤ ቅድሚያ ክፍያውንም ወርኃዊውንም የላከች እሷ ናት። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን የታላቋ ነው። የዕጣ ቤት እስከ አምስት ዓመት አይሸጥም፤ ስለዚህ ጠብ ቢነሣ እንኳ ሸጦ መካፈል የሚባል መውጫ የለም። ሕግ ለልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስጦታ የሚሰጠው አልፎ አልፎ ነው። የሚጠሉትን ሰው ትቶ መሄድ ከተቻለ ታሪኩ በአሥር ገጽ ያልቃል፤ አምስት ዓመት አብሮ መክረም ካለ ግን መጽሐፍ ይወጣዋል።

ከዚያ ቤይሩት ተናጋች። ከሃያ ዓመት በላይ ዶላር በ1,500 ሊራ ግድም ተተክሎ ሲመነዘርበት የኖረው የሊባኖስ ገንዘብ በ2012 ዓ.ም. ወደቀ። በሊራ ደመወዝ የምታገኝ እመቤት ለሠራተኛዋ ዶላር መክፈል አቃታት። ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ስለዚህ ቤቱን ለቅቃ ሌላ ሥራ ልፈልግ ብትል ሕገ ወጥ ትሆናለች። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጅ እያወረዱ ሲሄዱ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ታናሿ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የእጅ ቦርሳ ይዛ ቦሌ ወረደች።

በረቂቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ምዕራፍ የዚያች ሌሊት ምዕራፍ ነው። ልቅሶውን፣ እቅፉን፣ እልልታውን በግማሽ ገጽ አልፌዋለሁ፤ አንባቢ ያውቀዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ማን የት ይተኛል የሚለው ነው። መኝታ ቤቱ አንድ ነው። አልጋው ላይ ታላቋና ልጅቷ አብረው ይተኛሉ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ሥር፣ ሠራተኛዋ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። አሁን ቤቱን በገንዘቧ ያቆመችው ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ታላቋ «አንቺ ከልጅሽ ጋር አልጋው ላይ ተኚ፤ እኔ ሶፋው ይበቃኛል» ትላለች። ከልቧ ነው። ልጅቷ ግን አልጋው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ታላቋን «እማዬ» ነው የምትላት፤ ወላጅ እናቷን በስሟ ትጠራታለች። ታናሿ ይህን ስታይ «አይ፣ ሶፋው ላይ እተኛለሁ፤ ደክሞኛል» አለች። እሷ ሶፋው ላይ ስትሆን ከሥር ያለው ፍራሽ መነሣት ነበረበት፤ ሠራተኛዋ ማንም ሳያዝዛት ጠቅልላው ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ማዕድ ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ የሰው ቁመት በቀጥታ አያዘረጋም።

በዚያች ሌሊት ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሁሉም ለሌላው ቦታ ለቋል። በማግሥቱ ጠዋት ግን አራቱም በየልባቸው አንዳንድ ነገር ቋጥረው ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት መቶ ገጽ የዚያ ቋጠሮ ነው።

አንድ ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «ለምን አይነጋገሩም?» አለኝ። ተነጋግረው ነበር እኮ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ተነጋግረዋል። ታናሿ «ማዳሜ ጥሩ ናት፣ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ትል ነበር፤ ስልኩን የያዘችው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው። ታላቋ «ልጅሽ በትምህርቷ አንደኛ ናት፣ ስምሽን ሳታነሣ አትውልም» ትል ነበር፤ ልጅቷ በዚያ ሰሞን በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝታለች። ሁለቱም የዋሹት በርኅራኄ ነው። አንዷ እህቷ እንዳትጨነቅ፣ ሌላዋ በሰው አገር ያለችው እንዳታለቅስ። እውነቱ ሲወጣ ግን አንዳቸውም «አስበሽልኝ ነው» አላሉም። «አታለልሽኝ» ነው የተባባሉት። ሰው በደል ሲፈጸምበት ይቅር ለማለት የሚያስችል ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ አለ፣ ንስሓ አባት አለ። ሳይጠይቅ የተደረገለትን ደግነት ይቅር የሚልበትን ሥርዓት ግን አላገኘሁም። ለዚህ ይመስለኛል ቡና ላይ ስለ ጠላታችን ስናወራ ድምፃችን የሚደምቀው፣ ስለ ባለውለታችን ስናወራ የሚኮሰምነው።

ደብተሮቹን ላንሣ። ታላቋ ባለ መስመር ደብተር አላት። የተላከ ገንዘብ ሁሉ በቀኑ ተጽፏል፤ ለባንክ ይህን ያህል፣ ለትምህርት ቤት ይህን ያህል፣ ለዩኒፎርም፣ ለመድኃኒት፣ ለጥምቀት ቀሚስ። ጠንቃቃ ናት፤ ከገንዘቡ ለራሷ ነጠላ እንኳ አልገዛችበትም። ታናሿ በበኩሏ የዌስተርን ዩኒየን ደረሰኞቿን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። አንድ እሑድ ተቀምጠው ያመሳክራሉ። ሂሳቡ ይገጥማል። ችግሩ ይህ ነው፤ ይገጥማል! አንዷ ሌላዋን ሌባ ለማለት የምትችልበት አንድ ብር አልጎደለም።

ከዚያ ታላቋ ትቆጣለች። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው ትዝ ይላታል። ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችባቸው ሌሊቶች በየትኛው ረድፍ ይግቡ? «ልጅ አለሽ» ብሎ ሳያገባት የቀረው ሰውስ? ታናሿም የራሷ አላት። ደረሰኙ የላከችውን ገንዘብ ያሳያል፤ ያን ገንዘብ ለማግኘት በረንዳ ላይ ያደረችበትን ክረምት አያሳይም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጸሐፊ ለአንዷ ሊያደላ አይገባውም የሚል ሕግ የለም፤ እኔ ለታላቋ አደላለሁ፣ አልደብቅም። ታናሿን የበደላት አገርና አሠሪ ነው፤ ለምሬቷ አድራሻ አላት። ታላቋ ግን ማንን ትክሰስ? የምትወዳት እህቷን ነው፤ የምትወዳት ልጅ የሷ አይደለችም፤ የምትኖርበት ቤት የሷ ነው ግን አይደለም።

ስለ አራተኛዋ ሴት እስካሁን ትንሽ ነው ያልኩት። በቤቱም እንደዚሁ ነው የሚደረገው።

የመጽሐፉን መካከለኛ ክፍል የምትተርከው ሠራተኛዋ ናት። ይህን የወሰንኩት ምርጫ ስላልነበረኝ ነው። እህትማማቾቹ የሚዋሹትን ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ስልኩን ቻርጅ የምታደርገው እሷ፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ፣ ታላቋ ሊጥ ስታቦካ የምታለቅሰውን የምትሰማው እሷ። ሁለቱንም «እትዬ» ነው የምትለው። ታላቋ ክፉ አሠሪ አይደለችም፤ ማታ ትምህርት ቤት አስገብታታለች፤ የምትበላው ከሚበላው ነው። ነገር ግን ደመወዟን «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ብላ ይዛለች። ብዙዎቻችሁ ይህን አሠራር ታውቁታላችሁ። ልጅቷ እንዳታባክነው፣ ወንድ እንዳይበላባት ይባላል።

በዚህ ቦታ አንድ ትልቅ ፈተና ነበረብኝ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ለሌላ ደንብ ትቶታል። ቤይሩት ደመወዟን የተከለከለችው ሴት፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ደመወዟን ከተያዘባት ልጅ ጋር በአንድ ሳሎን ተቀምጣለች። ጎበዝ አንባቢ ይህን ሳልነግረው ያየዋል። ፈተናው ታናሿ እንድታየው ማድረግ ነው፤ አንድ ማታ ዘወር ብላ ሠራተኛዋን ታይና «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ትላለች፣ ይተቃቀፋሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አልጻፍኩትም። ያየሁት እንዲህ አይደለምና። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሲያዙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ከማንም ይልቅ ጥብቅ ናቸው። የምንጣፍ አወለዋወል ሥርዓቱን በምን ዋጋ እንደተማሩት ያውቃሉ። ታናሿም እንዲሁ ናት። ሠራተኛዋን መስታወት በጋዜጣ እንዴት እንደሚወለወል ታሳያታለች፤ በዓረብኛ ትቆጣታለች፤ ከዚያ ደግሞ ከራሷ ቅባት ትቀባታለች። ሦስቱም በአንድ ጠዋት።

ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለና ሳትጠይቁኝ ልመልሰው። «ወንዶቹ የት ሄዱ?» የልጅቷ አባት ሹፌር ነው፤ በአንድ ምዕራፍ ገብቶ፣ ሙዝ አምጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል። አንድ ደላላ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢና አንድ የባንክ ሠራተኛም አሉ። ወንድ ጠልቼ አይደለም። ታሪኩ ውስጥ ማንም ወንድን እየጠበቀ ስላልሆነ ነው። የድሮ ሴቶች በወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ ባልንም፣ አማትንም፣ እህልንም፣ የራሳቸውን ክንድም በአንድ ዜማ ያነሡ ነበር፤ ልብ ወለዳችን ከዚያ ሁሉ ባልን ብቻ መርጦ ወሰደ።

መጨረሻውን መንገር ነውር ነው ይባላል፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ፣ መጨረሻውን የሰማ አንባቢ እንዴት እንደተደረሰ ለማየት ይገዛዋልና። እህትማማቾቹ ይታረቃሉ። የሚታረቁት በዕንባ ሳይሆን በኪራይ ነው። ቤቱን አከራይተው፣ በለገጣፎ በኩል ርካሽ ቤት ተከራይተው፣ በልዩነቱ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ይስማማሉ። አዲሱ ቤት አንድ ክፍል ነው። ለሦስት ሰው ይበቃል። ለአራት አይበቃም። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ለሠራተኛዋ የሚነገራት «አንቺም እኮ ትምህርትሽን ልታተኩሪበት ይገባል» ተብሎ ነው።

ረቂቁን ካነበቡት መካከል ሁለት ሰዎች ሠራተኛዋ ወደ ዓረብ አገር እንድትሄድ መከሩኝ። ለውጭ አገር ሥራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል መጨረስን ይጠይቅ ነበር፤ እሷም ማታ ስትማር ስምንተኛን ጨርሳለች፤ ክቡ ተዘጋ አሉኝ። ክብ አልወድም። ሰው በክብ አይኖርም። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ተቀጥራለች፤ አራብሳ ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ስለነሱ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር ታደርጋለች። በቤቱ ሦስተኛ ደብተር እንዳለ እስከዚያ ድረስ አንባቢም አያውቅም። የማታ ትምህርት ቤት የሂሳብ ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ፣ የተያዘላትን ደመወዝ በወር በወር ጽፋዋለች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ተቀምጣ ነው የምላችሁ፣ ለሁለቱ ታነብላቸዋለች። ውለታ አልቆጠረችም፤ ማዕድ ቤት የተኛችበትንም፣ የተማረችበትንም አላስገባችም። ደመወዝ ብቻ። ታላቋ ደብተሩን ተቀብላ ስሌቱን በጣቷ እየተከተለች አየችው። ስሕተት የለበትም። እህትማማቾቹ ዙሩ ያልደረሰ እቁብ ከሰው ለምነው ተቀብለው ከፈሏት፤ ሁለት መቶ ብር ጎደለ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ያቺን ሁለት መቶ ብር ማን ወደ አራብሳ ይዞ ይሂድ በሚለው የሚደረግ ክርክር ነው፤ ልጅቷ «እኔ እሄዳለሁ» ትላለች፣ ሁለቱም እናቶቿ በአንድ ድምፅ «አትሄጂም» ይሏታል።

እስከዚህ ነው። ውሃው ሳይሄድ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።